ውሃውም ይቦካል

ታናሽ እህቴ ዱባይ ሥራ ከገባች ሰባት ዓመት አልፏታል። እኔ ወሎ ውስጥ መካነ ሰላም ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጠይቃት ሄድኩ። ዕረፍት ባገኘችባት በአንዲቷ ቀን ጠዋት፣ «ወንድም ጋሼ፣ ባሕር አይተህ አታውቅም አይደል?» አለችኝ። አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የዓሣን ስንጥብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሳስተምር ሻርክን ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ ነው። «እንግዲያው ዛሬ ከሥሩ ሆነህ ታየዋለህ» ብላ ይዛኝ ወጣች።

የሄድንበት ዱባይ ሞል የሚባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ነው። በሱቆች መካከል ሰው እየተጋፋን ስንሄድ የፊት ለፊቱ ግድግዳ በድንገት ሰማያዊ ሆነ። ልጅ ያዘለ፣ ዕቃ የተሸከመ፣ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳ ሁሉ እዚያ ቆሟል። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሻርክ በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፣ ከሥሩ ደግሞ ቁጥራቸው የማይታወቅ ትናንሽ ዓሦች እንደ ወፍ መንጋ አንድ ላይ ይታጠፋሉ። እህቴ የሚያለቅስ ሰው እንዳየች ሁሉ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። አላለቀስኩም፤ ግን ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻልኩም።

ይህ አኳሪየም፣ ማለትም የውሃ እንስሳት ማሳያ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ትልቁ ገንዳ 51 ሜትር ይረዝማል፣ 20 ሜትር ይሰፋል፣ 11 ሜትር ከፍታ አለው። የሚይዘው ውሃ 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣልና በእኛ መስፈሪያ ልስፈረው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ከያዘ፣ ገንዳው ግማሽ ሚሊዮን ጀሪካን ነው። አንዲት እናት በየቀኑ አራት ጀሪካን ከምንጭ ብትቀዳ ይህን ገንዳ ለመሙላት ከ340 ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ግን የውሃው ብዛት ሳይሆን የሚይዘው ግድግዳ ነው። መስታወት አልኩት እንጂ መስታወት አይደለም፤ አክሪሊክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ስፋቱ 32.88 ሜትር፣ ቁመቱ 8.3 ሜትር፣ ውፍረቱ 75 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 245 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሲከፈት በዓለም ትልቁ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በኋላ በቻይና ቺሜሎንግ የሚባለው መናፈሻ በለጠው። ተራ መስታወት እንዲህ ቢወፍር በውስጡ ባለው ብረት የተነሳ አረንጓዴ ይሆንና ዓሦቹን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ያስመስላቸዋል። አክሪሊክ ግን ቢወፍርም ጥርት እንዳለ ይቆያል፣ ከመስታወት ይቀላል፣ ቁርጥራጮቹም መገጣጠሚያቸው በዓይን እንዳይለይ ሆነው ይያያዛሉ።

75 ሳንቲ ሜትር ለምን አስፈለገ? ውሃ ይገፋል። የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ነው እንጂ በስፋቱ አይደለም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዷ ካሬ ሜትር ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ክብደት ትሸከማለች፤ ጭነት የሞላ አይሱዙ ያህል መሆኑ ነው። 10 ሜትር የተቆፈረ ጠባብ የውሃ ጉድጓድም ሆነ 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር ከሥራቸው እኩል ይገፋሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ባሕሩ እንዴት ከጉድጓዱ ጋር እኩል ይሆናል ይላሉ። ቀጭን የላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን ሦስት ቦታ ወግታችሁ ውሃ ብትሞሉበት ከታችኛው ቀዳዳ የሚወጣው ከሁሉ ፈጥኖ ሲወረወር ታያላችሁ። ትልቅ ግድብም ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ የሚቀጥነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ዓሣውን ከእውነተኛ ርቀቱ ሩብ ያህል ቀርቦ፣ በዚያም የተነሳ ገዝፎ ያየዋል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው። ከላይ ቆሞ ወንዝን የሚያይ ሰው ጥልቀቱን አሳንሶ የሚገምተው ለዚህ ነው። እስከ ጉልበት ነው ብሎ የገባ ሰው እስከ ጭን ሲሆንበት የሚታየውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ቆላ ወርደው ወንዝ የሚሻገሩ ልጆች ሁሉ ይህን ትምህርት ከፈተና በፊት ቢያውቁት እመኛለሁ።

እስከ ግድግዳው ድረስ ማየት ለሁሉም በነጻ ነው። በውሃው ሥር የሚያልፈውን ዋሻ ለማየት ግን ትኬት ይቆረጣል። ዋሻው 48 ሜትር ይረዝማል። ከላይም ከጎንም ውሃ ነው፤ ሰው በመካከል ይሄዳል። እህቴ ብዙ ጊዜ አልፋበታለች፤ «ስመጣ ሥራው ሁሉ ከትከሻዬ ይወርዳል» አለችኝ።

ከላያችን አንድ ሬይ አለፈ። ሬይ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ጎንና ጎኑን እያወዛወዘ ይዋኛል። ከሥሩ ሲያዩት ሁለት ዓይንና ፈገግ ያለ አፍ ያለው ፊት ይመስላልና ሕፃናት ሁሉ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ዓይን የሚመስሉት ግን አፍንጫዎቹ ናቸው፤ እውነተኞቹ ዓይኖች ከላይ በጀርባው በኩል ናቸው። ሬይና ሻርክ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ጠንካራ አጥንት የላቸውም። አካላቸው የተዋቀረው የእኛን ጆሮ ቀጥ አድርጎ በያዘው ዓይነት ልም አጥንት ነው።

እኔን ያስቆመኝ ሳንድ ታይገር የሚባለው ሻርክ ነው። አፉን ቢዘጋም ጥርሶቹ ወደ ውጭ ተበታትነው ስለሚታዩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። ጠባዩ ግን ዝግ ያለ ነው፤ በውሃው መካከል ሳይወርድም ሳይወጣም ተንሳፍፎ ይቆያል። አብዛኛው ዓሣ በሆዱ ውስጥ አየር የሚሞላ ከረጢት አለው፤ የሚንሳፈፈው በእሱ ነው። ሻርክ ያ ከረጢት የለውም። ሳንድ ታይገር ግን ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አየር ይጎነጭና ጨጓራው ውስጥ ይይዘዋል፤ በዚያ ተንሳፍፎ ይቆያል። አወላለዱ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። እናቲቱ ሁለት ማኅፀን አላት። በየማኅፀኑ ብዙ ፅንስ ይጀመራል፤ ቀድሞ ያደገው ሌሎቹን እዚያው ይበላቸዋል። በመጨረሻ የሚወለዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሲወለዱ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ አደን የተማሩትም ገና ሳይወለዱ ነው። እንዲህ በጥቂቱ የሚወልድ እንስሳ በብዛት ሲጠመድ መተካት አይችልም። ሳንድ ታይገር ዛሬ በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተጽፏል። እሱን በአካል አይቶ ከወጣ ሰው መካከል አንዳንዱ እንኳ ስለ መጥፋቱ ሲሰማ ደንግጦ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። አንድን አውሬ በገንዳ ማኖር ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሚዛኔ ግን ወደዚህ ያዘነብላል።

«ምን ይተነፍሳሉ?» አለችኝ እህቴ። ጥያቄዋ ትልቅ ነው። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ በዚያች ጥቂት የሚኖረው ስንጥቡ ስለረቀቀ ነው። በስንጥቡ ቅጠሎች ላይ ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያልፍ ደሙ ወደ ተቃራኒው ይፈስሳል። ስለዚህ ደሙ በሄደበት ሁሉ ከእሱ የበለጠ ኦክስጅን ያለው ውሃ ያገኛል። በዚህ ዘዴ ዓሣ በውሃው ካለው ኦክስጅን እስከ 80 በመቶ ሊወስድ ይችላል፤ እኛ ወደ ሳንባችን ካስገባነው የምንወስደው ሩቡን ያህል ነው።

ይህን ስነግራት አገራችን ትዝ አለችኝ። መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባቄላ ሲቀቀል የሚያስቸግረው፣ ውሃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው። ወደ ወንዛችን የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የሚክሰው ቅዝቃዜው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። በድንጋይ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ወንዝም አየር እየቀላቀለ ይሄዳል። አኳሪየሙ በፓምፕ የሚያደርገውን የእኛ ወንዝ በቁልቁለት ያደርገዋል።

ቀጥሎ የጠየቀችኝ ስለ ጨው ነው። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም ጨው አለው። በዚህ ሒሳብ እንዲህ ያለ ገንዳ ከ3,000 ኩንታል በላይ ጨው የሟሟበት ነው። ዓሣው ታዲያ እንዴት አልተጎዳም? ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገር እናውቃለን። የደረቀ ባቄላ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያብጣል። ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ደግሞ ውሃውን እያወጣ ወደ ቋንጣነት ይሄዳል። ውሃ ሁልጊዜ ጨው ወደ በዛበት ይሄዳል። የወንዝ ዓሣ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ነው፤ ከሰውነቱ ይልቅ ውጪው አልጫ ስለሆነ ውሃ ሳይጋበዝ ይገባበታል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ይሸናል። የባሕር ዓሣ እንደ ቋንጣ ነው፤ ጨዋማው ባሕር ውሃውን ይስበዋል። ስለዚህ የባሕር ውሃ ይጠጣል፣ የተረፈውን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ሻርክ ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ሌላው እንስሳ በሽንት የሚያስወግደውን ዩሪያ በደሙ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሰውነቱም ከባሕሩ ጋር እኩል ይሆናል። የወንዝ ዓሣ ባሕር ውስጥ፣ የባሕር ዓሣ ወንዝ ውስጥ ቢጣል አብዛኛው የሚሞተው ይህ ሚዛን ስለሚናጋበት ነው።

«ለመሆኑ አያታችን አሞሌ አይደል የሚልሱ የነበረ?» አለች እህቴ። አሞሌው የተቆረጠው ከአፋር የጨው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ደግሞ ቀይ ባሕር ገብቶበት ተቆርጦ የቀረና የደረቀ ባሕር ነው። ባሕር አናውቅም ስንል ለዘመናት ባሕሩን በግመልና በበቅሎ ጭነን ወደ ደጋ ስናወጣው ኖረናል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለተማሪዎቼ ላስረዳ ብዬ የቋመጥኩለት ነገር ጎብኚ ከማያየው ጀርባ ያለው ሥራ ነው። በአንድ ገንዳ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳት ይበላሉ፣ ይሸናሉ። በውቅያኖስ ውስጥ ቢሆን ይበተናል። እዚህ ግን መሄጃ የለውም። በእኛ በረት በጠዋት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ያ ሽታ አሞንያ ነው። ዓሣም አሞንያ ያስወጣል፤ ይበልጡን በስንጥቡ በኩል። ሽታው ባይታወቅም መርዝነቱ ብርቱ ነው። ውሃው ኩልል ብሎ ሳለ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ሊሞት ይችላል። ብዙ ጀማሪ ሰዎች ገንዳ ገዝተው፣ ንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ ያንኑ ቀን ዓሣ ያስገቡና በሳምንቱ ሞቶ ያገኙታል። ውሃውስ ንጹሕ ነበር። የጎደለው እርሾ ነው።

እርሾ ያልኩት እንዲያው ለማሳመር አይደለም፤ ነገሩ በእውነት ያው ነው። ጤፍ በውሃ ብቻ ቢለወስና ወዲያው ቢጋገር እንጀራ አይሆንም። ካለፈው ቡኮ የተረፈው እርሾ ሲጨመርበት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይራቡና ሊጡን ይለውጡታል። አኳሪየምም እንዲሁ ነው። በማጣሪያው ጠጠርና አሸዋ ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ሰፍረው መራባት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ፣ ናይትሮሶሞናስና ዘመዶቹ፣ አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሁለተኛዎቹ፣ እንደ ናይትሮስፓይራ ያሉት፣ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ዓሣን አይጎዳም። እነዚህ እስኪበቁ ድረስ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። አስተዋይ ሰው ደግሞ ከቆየ ገንዳ እፍኝ ጠጠር አምጥቶ ይጨምራል፤ ጎረቤት ዘንድ ሄዶ እርሾ እንደ መበደር ማለት ነው።

የእኛ ገበሬ ይህን ባክቴሪያ በስም አያውቀው ይሆናል እንጂ ሲያሠራው ነው የኖረው። ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ አሞንያ ይሆናል፤ ከዚያ የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናይትራይት፣ ቀጥሎም ናይትሬት ያደርጉታል፤ ስንዴው የሚመገበው ይበልጡን ያንን ነው። ሻርኩን በሕይወት የሚያኖረውና ማሳውን የሚያለመልመው አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

ማጣሪያው በዚህ ብቻ አያበቃም። የባሕር አኳሪየሞች በውሃው ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ይለቃሉ፤ ከምግብና ከኩስ የቀረው ቅባትና ፕሮቲን በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ይገፈፋል። ቅቤ ስታነጥር አረፋውን በማንኪያ የምትገፍፍ ሴት ይህን መሣሪያ ብታየው ማብራሪያ አያሻትም። ከዚያ ውጪ ጠላቂ ዋናተኞች በየቀኑ ገብተው ይመግባሉ፣ ያጸዳሉ። እኛ ስናልፍ አንዱ ዋናተኛ የግድግዳውን ውስጠኛ ገጽ እየወለወለ ነበር፤ ከጀርባው ሻርክ ሲያልፍ ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም።

አኳሪየም የሚባል ነገር ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ከመነሻው ላይ የምናገኛት አንዲት ፈረንሳዊት ልብስ ሰፊ ናት። ዣን ቪልፕሩ ፓወር የጫማ ሠሪ ልጅ ነበረች። አግብታ ሲሲሊ ደሴት ስትኖር አርጎኖት የሚባለው ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ ዛጎሉን ራሱ ይሠራል ወይስ የሌላውን ይቀማል የሚለውን ክርክር ለመፍታት ፈለገች። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1832 የመስታወት ገንዳ አዘጋጅታ እንስሳውን በሕይወት እያለ ተከታተለችው፤ ራሱ እንደሚሠራውም አረጋገጠች። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሆነው እንዴት እንደሚረዳዱ ጻፈ። ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው አኳሪየም በለንደን የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1853 ተከፈተ፤ በዓመቱ ፊሊፕ ጎስ የተባለ ጸሐፊ በመጽሐፉ ርዕስ አኳሪየም የሚለውን ስም አስለመደ። ከዚያ ወዲህ አትላንታ ውስጥ፣ ብዙ አበሻ በሚኖርባት ከተማ፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ በገንዳ እስከ መታየት ደርሷል።

ከዋሻው ስንወጣ ወንበር ላይ አረፍ አልን። እህቴ፣ «እኛ አገር ባሕር ኖሮ ቢሆን» አለች። መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ነበረ አልኳት።

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎጃም የሚያሻግረው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰነጣጥቃ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። የወሎን ደጋ ከፍ አድርጎ የቆለለው እሱ ነው። ከዚያ ሥር የዓባይ ሸለቆ የአሸዋ ድንጋይና ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ያሳያል። ይህ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል መንገዱ በቆረጠው ገደል ላይ በግልጽ ይታያል። የኖራ ድንጋዩ የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ከባሕር ሥር የተከማቸ ነው፤ በውስጡ የባሕር ዛጎሎች ድንጋይ ሆነው ይገኛሉ። ያኔ አፍሪካ፣ አረቢያ፣ ሕንድና ማዳጋስካር ገና ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም ነበር፤ ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነው መሬቱን የሸፈነው።

ይህን የኖራ ድንጋይ በትግራይ ባለችው በአንጣሎ ስም የጠራው ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የምድር ጥናት ሊቅ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ ጋር ነበር። ወታደሮቹ ዓፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው መቅደላ ሲወጡ እሱ ደግሞ ድንጋይ፣ ወፍና እንስሳ ይሰበስብ ነበር። የላይኛውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መቅደላ ብሎ ሰየመው። ያ ዘመቻ ለእኛ ሐዘን ነው፤ ከመቅደላ የተወሰደው ቅርስም እስካሁን ሁሉም አልተመለሰም። የኖራ ድንጋዩ ግን ከእኛው ጋር ቀርቷል፤ ልጆቻችን እንዲያነቡት ያስተማርናቸው ግን ጥቂት ነው።

የዛሬው ውሃችንም ዓሣ የለሽ አይደለም። ለወሎ ሰው ቅርብ የሆነው ትልቅ ውሃ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው «ሐይቅ» የሚባለው ነው፤ ዛሬ ከዚያ የሚጠመደው ቀረሶ የተባለው ዓሣ የተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል እናት ናት፤ በዚያ ጊዜ ምግብ ትተዋለች ማለት ይቻላል። አምባዛ ደግሞ ከስንጥቡ በተጨማሪ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ኩሬው ጭቃ ሲሆንም አይሞትም። ጣና ውስጥ ከአንድ ዘር የተለያዩ ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዓይነቶች በዚያው ሐይቅ ውስጥ ተፈጥረዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት እናቲቱን ከነልጆቿ መጨረስ ነው፤ እየሳሱ የመጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ወንዛችን ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የመበተን ልማድ አለ። በብርብራ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሕዋሳቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ዓሣው አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ያልቃል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው እንደ ጥፋተኛ ዝም ይላሉ። ጥፋተኛ አይደሉም፤ የሚያልቀውን በሕይወት ሳለ አይተውት አያውቁም።

ለዚህ ነው ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ያሰብኩት። 10 ሚሊዮን ሊትር አያስፈልገንም፣ 200 ሊትር ይበቃናል። የመስኮት መስታወት የሚገጥም ባለሙያ በሲሊኮን አጣብቆ ሠራልን። ጠጠሩን ከወንዝ አምጥተን አጠብነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ስለሚቆም ዋሪንግተን እንዳደረገው የውሃ ተክል አበዛንበት፤ ተክል በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ናይትሬቱንም ይመገባል። ውሃው ወንዛችን በጠራበት በጥቅምት ተቀዳ። ሁለት ጣት የማይሞሉ አምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ዓሦችን ብቻ እናስገባለን ብለን ከተማሪዎቹ ጋር ተስማማን፤ የሚበልጡ ከሆነ ወደመጡበት ይመለሳሉ።

ልጆቹ በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት መጥተው ባዶውን ውሃ ያያሉ። አንዷ ደብተር ይዛ ትመዘግባለች፤ ሙቀቱን፣ ቀለሙን፣ በተክሉ ላይ የወጣውን አዲስ ቅጠል። እህቴ ባለፈው እሑድ ደወለችልኝና ከሰላምታ በፊት፣ «ወንድም ጋሼ፣ ዓሣው ገባ?» አለችኝ።

«ገና ነው እታለም፣ ውሃው አልቦካም» አልኳት።